የፈረንጆቹ ዓመት ሲያልቅ የጅማን ሙሉ ጨረቃ ከየት ሆነን እንያት?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም የጅማ ልጆች። የዛሬው ወሬዬ ፖለቲካም ኳስም አይደለም። ስለ ጨረቃ ነው። ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ጨረቃ ሙሉ ትሆናለች። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3፣ 2026 መሆኑ ነው፤ አሮጌው ዓመታቸው ወጥቶ አዲሱ ገና ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ። ልክ ሙሉ የምትሆንበት ደቂቃ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ3 ላይ ስለሚውል ያኔ ከመሬት በታች ናት፣ አናያትም። ማታ ግን ከሙሉነቷ የሚጎድል ነገር በዓይን አይለይም።

እኔ የምለው ይሄን ነው። ጅማ ላይ ከዓመት እስከ ዓመት ከሚወጡት ሙሉ ጨረቃዎች እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ ጨረቃ የሚታይ የለም። ምክንያቱ ሰማያችን ነው። የኛ አገር ዝናብ መቼ እንደሚለቅ ታውቁታላችሁ። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ትዝ ይላችኋል? የራሳችን ዓመት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀልታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው። ግን ጳጉሜ ጅማ ላይ የጃንጥላ ወር ነው፤ ደመና ከፈቀደ ታያለህ፣ ካልፈቀደ ቲክቶክ ላይ ታያለህ። ታኅሣሥ ላይ ደመናው ይሄዳል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ሰማዩ ይገለጣል።

ጥያቄዬ፦ ከየት ሆኖ ማየት ይሻላል? በስንት ሰዓት? አብሮኝ የሚሄድ አለ?

(ክሩ እየረዘመ ስለሄደ ዘግይታችሁ ለገባችሁ መልሶቹን በተራ ላውራላችሁ። ያሳጠርኩት አለ፣ የዘለልኩት አለ። የራሴንም አስተያየት ጣል አደርጋለሁ፤ ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል።)

መልስ 1። የኮቺ ልጅ ነኝ ያለ ቀደመ። ይሄ ምኑ ይጠየቃል ባይ ነው። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ መውጣት ነው። ከተማው ከሥር ተዘርግቶ ጨረቃ ከላዩ ብቅ ስትል ማየት የመሰለ ነገር የለም ይላል። ብዙ ሰው ወደደለት። ሐሳቡ ያምራል፣ አቅጣጫው ነው ችግሩ።

መልስ 2። ያረመችው ጅሬን ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። ወንድሜ ብላ በትሕትና ነው የጀመረችው። ከጅሬን ሲታይ ከተማው ያለው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ጨረቃ ደግሞ በዚህ ወር የምትወጣው ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከተማውን እያየ የሚጠብቅ ሰው ጨረቃዋ በጀርባው ወጥታ ታልቅበታለች። ግን ጅሬንን አትተዉት አለች። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በከተማው ወገን ነው። ቅዳሜ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትገባ አይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ዞር ማለትና ጨረቃዋን በዚያኛው በኩል መቀበል ነው። ቤተ መንግሥቱ ቅርስ ስለሆነ ማታ እንደልብ እንደማይገባበት፣ መንገዱ ዳር መቆም እንደሚሻልም ጨመረች። ከዚህ መልስ በኋላ እኔ በበኩሌ ጥያቄዬ ግማሹ ተመልሷል።

መልስ 3። የኮቺው ልጅ ካርታ ከፍቶ አይቶ ተመለሰ። እሷ ልክ ናት አለ፣ አልተከራከረም። ከዚያ አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ። ታች ከተማ ያለ ሰው ከሆነ ወደ ጅሬን ዞሮ፣ ከሱ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ጠጋ አድርጎ ቢያይ ጨረቃዋ ከተራራው ጀርባ ነው የምትወጣለት። አቀበት መውጣት ለማይችል አባትና እናት ይሄ ይበቃል። ፎቅ ላይ የሚኖር ዘመድ ካለማ ከሱ ሰገነት ሆኖ ማየት ነው።

መልስ 4። የፊዚክስ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ረጅም ጻፉ። ረጅም ቢሆንም በደንብ ነው ያነበብኩት። የሚሉት እንዲህ ነው። ሙሉ ጨረቃ ማለት ፀሐይ በአንድ ወገን፣ ጨረቃ በተቃራኒው ወገን፣ እኛ መሀል ስንሆን ነው። ስለዚህ ፀሐይ ያለችበትን ካወቅክ ጨረቃ ያለችበትን ታውቃለህ። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ጅማ ላይ በእኩለ ቀን ከአናታችን 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ነው የምታልፈው። ጨረቃዋ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ትልቁ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ከአናታችን ወደ ሰሜን 20 ዲግሪ ያህል ፈቀቅ ትላለች። እጅን ዘርግቶ ጭብጥን መለካት ነው፤ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው፣ ሁለት ጭብጥ ይሆናል ማለት ነው። በሰኔ ሁሉም ይገለበጣል፤ ፀሐይ በሰሜን፣ ሙሉ ጨረቃ በደቡብ።

ቀጥለው አንድ ሌላ ነገር አስረዱ። ፈረንጆቹ ስለ ታኅሣሥ ጨረቃ ከፍታ ብዙ የሚያወሩት የነሱ አገር ሩቅ ሰሜን ላይ ስለሆነ ነው። ለንደን ላይ የሰኔ ሙሉ ጨረቃ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ተንፏቃ ነው የምታልፈው፣ የታኅሣሷ ግን ሰማይ ላይ ትወጣለች። ልዩነቱ ያስገርማቸዋል። ለእኛ ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው። ጅማ ከምድር ወገብ ወደ 8 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው። እዚህ የሚለወጠው ወገኗ ነው። ደግሞም አሁን ባለንበት ጊዜ ጨረቃ ከወትሮው አብልጣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የምትዘልቅበት ዙር ላይ ነን። ይሄ ዙር 18 ዓመት ተኩል ገደማ ጠብቆ ነው የሚመለሰው።

መልስ 5። አንዱ አላመነም። ጨረቃ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው፣ መጽሐፍ ላይ እንደዚያ ነው ያነበብኩት አለ። አባባሉ ደግሞ ትንሽ ጎርበጥ ይላል፤ መምህር ከመሆንዎ በፊት መጽሐፍ ቢያነቡ ዓይነት ነገር አለበት።

መልስ 6። መምህሩ አልተቆጡም፣ ግን አልለቀቁትም። መጽሐፉ የተጻፈው ለሰሜን አገር ሰው ነው አሉ። እርስዎ ያሉት ጅማ ነው። ክርክር ከሚበዛ አንድ እንጨት ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርገው ይትከሉ። ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ የእንጨቱ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ብርድ ካልፈሩ ወጥተው ይዩት፤ በጨረቃ ብርሃን ጥላው ወደ ደቡብ ወድቆ ያገኙታል። ሁለቱንም በኖራ ምልክት አድርገው ፎቶ ይላኩልን። ልጅ ያለው ሰው ይሄን ከልጁ ጋር ቢሠራው እኔ ጥሩ ነው እላለሁ። ክፍል ውስጥ ተነግሮን ያልገባን ነገር በአንድ እንጨት ሲገባ ደስ ይላል።

መልስ 7። ከጎማ በኩል ቡና ያለው ሰው ገባ። እናንተ ጨረቃ ለማየት ቀጠሮ ትይዛላችሁ፣ እኛ ከጥቅምት ጀምሮ ስናያት ነው የከረምነው አለ። ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። እሸቱ ዛፍ ላይ እያለም ሌባ አይጠፋም። ጨለማ በሆነ ጊዜ ባትሪ እያበሩ ማደር ነው፤ ባትሪ ደግሞ ጠባቂው የት እንዳለ ለሌባ መንገር ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ባትሪውን ኪስ ከቶ ጥላ ውስጥ ቁጭ ማለት ይቻላል። ሰው ከአጥሩ ገና ሲገባ ይታያል። የጨረቃ ሳምንት ሲሆን እንቅልፍ እንደሚያገኝም ጽፏል። ሌላው ችግር ጤዛ ነው። ሰማይ ጥርት ባለ ሌሊት ጤዛው ይበረታል፣ ስለዚህ ሲመሽ አልጋው ላይ ያለውን ቡና ሰብስቦ ሸራ ማልበስ ነው፤ ያልለበሰ ጀንፈል ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይገኛል፣ ጣዕሙም ይበላሻል።

መልስ 8። ሌላ የቡና ሰው፣ ከሊሙ በኩል ይመስለኛል፣ በጨረቃውስ ሌባውም ያያል አለና አለፈ። አጭር ናት፣ ግን ብዙ ሳቅ አገኘች።

መልስ 9። ማር ቆራጭ የነበሩ አባት ያሉት ልጅ ጻፈ። በነሱ ቤት ሙሉ ጨረቃ እረፍት ነበር። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ የሚወርደው በጨለማ ነው። በጨለማ ንቧ አትበርም፣ ትሄዳለች፤ ጭስ ሲሰጣት ትሸሻለች። ጨረቃ ደምቃ ከሆነ ግን እየበረረች ትነድፋለች። ስለዚህ አባቱ ጨረቃዋ አርፍዳ የምትወጣበትን ቀን ቆጥረው ነበር የሚወጡት። ሙሉ ከሆነች ከአራት አምስት ቀን በኋላ የምሽቱ መጀመሪያ ጨለማ ይሆናል፣ ያኔ ሥራ አለ። እኔ ስለ ጨረቃ ውበት ጽፌ ሰው ስለ ንብ ንድፊያ ሲመልስልኝ ቅር አላለኝም። እንዲያውም የክሩ ምርጥ መልስ ነው።

መልስ 10። እዚህ ላይ ጠቡ ተጀመረ። አንድ ሰው መጥቶ የምን ዓመት ነው የሚያልቀው ሲል ጠየቀ። ዓመት ያለቀው ጳጉሜ ላይ ነው፣ አበባ አይተናል፣ ጨርሰናል። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ለእናንተ ምናችሁ ነው? ቀጥሎ የጻፈውን ሁሉ አላወራውም።

መልስ 11። ለሱ የመለሰችው የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የመሥሪያ ቤቷ በጀት ዲሴምበር 31 ይዘጋል። ሪፖርት፣ ቆጠራ፣ ያልተወራረደ ደረሰኝ፣ ሁሉም በዚያች ሳምንት ነው የሚከመርባት። ስለዚህ ለኔ ዓመት የሚያልቀው ያኔ ነው፣ ጨረቃዋን ለማየት ፈቃድ ልጠይቅህ? አለችው። ጥሩ ቅመም ያለው መልስ ነበር።

መልስ 12 ተነስቷል። ስድብ ነበረበት። ማን እንደጻፈው የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ብቻ ነው፤ ርዕሱ ላይ የፈረንጆቹ ብዬ ነው የጻፍኩት። ማንበብ ነው።

መልስ 13። ጠቡን ያበረደው ዲያቆን ነኝ ያለ ወጣት ነው። የዘመን ቆጠራን በጠብ አትጨርሱት፣ የኛም ቆጠራ ያለ ጨረቃ አይቆምም አለ። ባሕረ ሐሳብ ላይ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ከጨረቃ ጋር የተያያዙ ናቸው። የ2018 አበቅቴ 12 ነው፣ መጥቅዑ 18፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይመጣሉ። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 የዋለው ከዚያ ተነስቶ ነው። ዙሩ የ19 ዓመት ነው። ይህችን 19 ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

መልስ 14። እናትና ሚስት፣ መምህርትም ነኝ ያለች ሙስሊም እህት ለዲያቆኑ አመስግና መለሰች። እኛ ጋማ አለች፣ ወሩ ራሱ ጨረቃ ነው፤ ጨረቃ ሳይታይ ወር አይገባም። አሁን ያለነው ረጀብ ላይ ነው፣ ቅዳሜ 14ኛው ገደማ ይሆናል። በየወሩ 13፣ 14 እና 15ን የሚጾም ሰው ስላለ ቤቷ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ መቼ እንደሆነ ማንም ስልክ አይቶ አያውቅም፤ አማቷን መጠየቅ ይበቃል። ረመዳን እየቀረበ ስለሆነ አማቷ ካሁኑ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀምረዋል። ሁለቱ እየተመራረቁ ሦስት አራት መልስ ተለዋወጡ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ፣ ግን ደስ የሚል ነበር።

መልስ 18። ቁጥሩ የዘለለው ለዚያ ነው። አንድ ሰው የቦረናን አቆጣጠር አነሳ። አያንቱዎች የሚባሉት ቀን ቆጣሪዎቻቸው ጨረቃን ከከዋክብት ጋር እያነጻጸሩ ቀን ይለያሉ። ወራቸው በጨረቃ፣ ዓመታቸው 354 ቀን ያህል፣ የቀኖቹ ስም ደግሞ 27 ነው። ይሄ ትልቅ እውቀት ነው፣ ለምን አይወራም አለ። እውነቱን ነው።

መልስ 19። ወዲያው አንዱ ቦረና ሌላ፣ ጅማ ሌላ ብሎ ተቆጣ። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች የሚሉትን ጠይቀህ ጻፍ፣ ከሩቅ አምጥተህ አትለጥፍብን አለው። የመጀመሪያው ሰው የጅማ ነው አላልኩም ብሎ ተከላከለ። እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ፤ የጅማን አባቶች የጠየቀ ሰው ካለ ግን እዚህ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። እስካሁን አልመጣም።

መልስ 20። ወደ ብርዱ ተዞረ። ከመርካቶ ሂርማታ በኩል ያለ ነጋዴ ነው። ማታ ወጥቶ ጨረቃ ማየቱስ ጥሩ፣ ግን የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አጥንት ይገባል፤ ፀሐይ በዚህ ወር ስለምትርቅ ነው አለ።

መልስ 21። መምህሩ ተመለሱ። ይሄን ሲሰሙ እንቅልፍ የሚነሳቸው ይመስለኛል። በተቃራኒው ነው አሉ። መሬት በዓመት ውስጥ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በዚህ ሰሞን ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ልክ በዚያው ቅዳሜ ይውላል። ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በሰኔ መጨረሻ ወደ 152 ሚሊዮን ይሄዳል። ታዲያ ለምን ይበርዳል? ደመና የለማ። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ ደመና ካለ ይመልሰዋል፣ ከሌለ ይሄዳል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የቡናው ሰው ስለ ጤዛ ያሉትን ተመልሳችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱ አንድ ነው አሉ። ሰማዩ የጠራበት ሌሊት ለጨረቃ ጥሩ፣ ለቡናና ለጉልበት ክፉ።

ነጋዴው አላኮረፈም። እንግዲያው ጋቢ እሸጣለሁ፣ ኑ አለ።

መልስ 22። አንዲት ልጅ ኅዳር 25 ማታ ያየችውን ነገረችን። የዚያን ቀን ጨረቃ ከወትሮው በጣም ትልቅ ነበረች፣ ከቤታቸው ጣሪያ ጀርባ ስትወጣ ደነገጠች። ሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ወጥታ ስታያት ግን ትንሽ ሆናለች። ለምን?

መልስ 23። አንዱ ሱፐር ሙን (ወደ መሬት ቀርባ ሳለ ሙሉ የምትሆን ጨረቃ) ስለሆነ ነው ብሎ መለሰ። ሌላው ሱፐር ሙን የሚባለው የዩቲዩብ ማጭበርበሪያ ነው አለ። ተጋጩ። ትንሽ ሻካራ ቃል ተወራወሩ።

መልስ 24። እህቴ፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያየሽው ያለው ሰው ነው የለየላቸው። ማን እንደሆነ አልጻፈም፣ ግን ነገሩን ያውቀዋል። አንደኛ፣ ጨረቃ በእውነት የምትቀርብበትና የምትርቅበት ጊዜ አለ። አማካይ ርቀቷ 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኅዳር 25 ሌሊት ግን 357 ሺህ አካባቢ ነበረች። የቅዳሜዋ ከዚያ ትንሽ ራቅ ትላለች። በጣም ቅርብ የሆነችው ሙሉ ጨረቃ በጣም ሩቅ ከሆነችው 14 ከመቶ ያህል ሰፍታ ትታያለች። ይሄ አለ፣ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ ግን ጎን ለጎን አድርገህ ካላነጻጸርከው በዓይን አይለይም። ሁለተኛው ዓይናችን የሚሠራው ነው። አድማስ ላይ ያለች ጨረቃ ከቤትና ከዛፍ አጠገብ ስለምናያት ትልቅ ትመስለናለች። ወረቀት ጠቅልላችሁ በቀዳዳው ብታዩዋት ያ ትልቅነት ይጠፋል። እንዲያውም አናት ላይ ስትሆን ነው ትንሽ የምትቀርበን።

ይሄን አንብቤ በወረቀት ሞክሬዋለሁ። ይሠራል፣ ግን ወረቀቱን ጣልኩት። ማታ ወጥቼ ትልቅ መስላ ብታታልለኝ ምን ቸገረኝ?

መልስ 25። ስለ ስሟ። ፈረንጆቹ የጃንዋሪዋን የተኩላ ጨረቃ ይሏታል ብሎ አንዱ ጻፈ። ጅማ ላይ ተኩላ የት አለ ተባለ። የኛዋ የጅብ ጨረቃ ትሁን አለ ሌላው። ከዚያ ጅብ በቢሺሼ በኩል ሌሊት ይመጣል አይመጣም የሚል ነገር ተነስቶ ብዙ ቦታ በላ። ያንን አልተረክም። በጨረቃ ቤት የቀለደም ነበር፣ አልሳቅሁም።

መልስ 29። ወደ ቁም ነገር። አንድ ተማሪ ሰሞኑን ማታ ማታ በምሥራቅ በኩል በጣም የምታበራ ኮከብ አለች፣ ቬነስ ናት ወይ አለ። አዎ ያሉት በዙ።

መልስ 30። አይደለችም። መምህሩ ናቸው። ቬነስ አሁን በፀሐይ ጀርባ በኩል ስለሆነች አትታይም። የሚያዩት ጁፒተር ነው። ከፀሐይ በተቃራኒ ሆኖ ደምቆ የሚታይበት ጊዜው ነው፣ ጥር 2 ላይ ልክ ፊት ለፊት ይሆናል። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከጨረቃዋ አጠገብ ታገኙታላችሁ፤ በዚያ ሁሉ ብርሃን መሀል ሳይደበዝዝ የሚቀረው እሱ ነው። ጥሩ ባይኖኩላር ያለው ሰው እጁን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቢያየው አጠገቡ ያሉትን ጨረቃዎቹን እንደ ነጥብ ያያል። ሌሎች ከዋክብትን ማየት የሚፈልግ ግን በሙሉ ጨረቃ አይልፋ፣ ከሳምንት በኋላ ይውጣ።

መልስ 31። ስልክ። ጨረቃን ፎቶ ሳነሳ አምፖል ነው የሚመስለኝ ያለ ሰው ነበር። ሁላችንም ነን።

መልስ 32። ፎቶ ቤት ያለው ሰው መለሰለት። ስልኩ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር ነው ጨረቃዋ የምትነጣው። ጨረቃዋን በጣት ነክቶ ትኩረቱን ማስያዝ፣ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች መጎተት ነው። ፕሮ የሚል ምርጫ ያለው ስልክ ከሆነ አይኤስኦ 100፣ ፍጥነቱን 1/125 አካባቢ አድርጎ መጀመር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ሳይጨልም፣ ልክ እንደወጣች ማንሳት ነው፤ ያኔ ተራራውም ዛፉም አብሮ ይወጣል። ቅዳሜ ፀሐይ ጠልቃ ብዙም ሳትቆይ ስለምትወጣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ነው። ዓርብ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምትወጣው፣ ገርጣ ትላለች። ይሄ መልስ በስንት ሰዓት ላልኩት ጨርሶ መለሰልኝ።

መልስ 33። ከሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። ያኔ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2002፣ በፈረንጆቹ የ2009 የመጨረሻዋ ሌሊት፣ ሙሉ ጨረቃ ነበረች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ጠርዟ ተነክሶ ታየ፤ ከመቶ 8 እጇ ብቻ ነው የተጋረደው። ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያይ እሳቸውና አንድ ጓደኛቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው ተማሪ ደመና ነው ብሎ ገባ። የዚያን ያህል ስንት ሰው በዚያች ሌሊት ሰማይ ሳያይ አድሯል አሉ፣ እስካሁን ይቆጫቸዋል፣ ለሌሎቹ ማለቴ ነው።

መልስ 34። ዲያቆኑ ዘሎ ገባ። ጋሼ፣ 19 ይደምሩበት አላቸው። 2002 ሲደመር 19፣ 2021። የዚያ ዓመት ታኅሣሥ 22 ጨረቃ እንደገና ሙሉ መሆን አለባት።

መልስ 35። መምህሩ አረጋገጡ፣ ደግሞም ጨመሩ። ትሆናለች፣ ዲሴምበር 31፣ 2028 ነው። በዚያ ወር ሁለተኛዋ ሙሉ ጨረቃ ናት። 19 ዓመት ሙሉነቷን ወደዚያው ቀን ይመልሳል፣ ግርዶሽ ግን ሁልጊዜ አይከተልም። ያን ቀን ግን ይከተላል፣ ያውም ሙሉ። ጅማ ላይ ጨረቃዋ ስትወጣ ጀምሮ ጠርዟ መበላት ጀምሯል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ሙሉ በሙሉ ትቀላለች። ሕፃናት እንኳ ሳይተኙ የሚያዩት ሰዓት ነው። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ ነው፣ ጳጉሜ አይደለም።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ መልስ 10ን የጻፈው ሰውዬ እንኳ ተመልሶ ቀኑን መዝግቤያለሁ አለ። የማን ዓመት እንደሚያልቅ አልጠየቀም።

መልስ 37። የባጃጅ ሹፌር ነው። ጅሬን ለመውጣት ችግር የለም፣ ችግሩ መልሱ ነው ይላል። ከመሸ በኋላ ከላይ ሰው ስለማይገኝ ባዶ መመለስ አይፈልግም። ሰው ከሞላ ግን ላይ አድርሶ፣ እዚያው ቆሞ ጠብቆ፣ መልሶ ያወርዳል፤ ዋጋውን አስቀድሞ መነጋገር ነው። ለምን ትጠብቃለህ ለምን ያህል ጊዜ ነው ብለው ሁለት ሰዎች ተከራከሩት። እሱም ጨረቃ ማየት አልችልም ወይ አላቸው።

እስካሁን እሄዳለሁ ያላችሁ ለአንድ ባጃጅ ትበዛላችሁ፣ ለሁለት ታንሳላችሁ። አንድ ሁለት ሰው ብትጨመሩ ዋጋው ለሁላችንም ይቀንሳል። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ፈረንጅ አራዳ እንገናኝ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ መድረስ አለብን። ጋቢ ያዙ። ባይኖኩላር ያለው ሰው ከታች ይጻፍ፣ ባለ ሦስት እግር የስልክ ማቆሚያ አንድ ተገኝቷል።